ሦስተኛው አልጋ

(ደሴ፤ ከባህል አዳራሹ መድረክ ጀርባ ባለው የልብስ መቀየሪያ ክፍል፤ እሑድ ከሰዓት። «ሦስት አልጋዎች» የተባለው ባለ ሦስት ትዕይንት ትያትር ሊጀመር ነው፤ ልዑልሰገድ ደራሲውና አዘጋጁ፣ ፍሬገነት መሪ ተዋናይቷ፣ በቤታቸው ደግሞ ባልና ሚስት ናቸው።)

ልዑልሰገድ፦ ካፖርቱን አውልቂና ቀሚሱን መልሰሽ ልበሺ፤ ሰው እኮ ገብቶ አልቋል።

ፍሬገነት፦ ገብቶ ካለቀ በገባበት በር ይውጣ።

ልዑልሰገድ፦ ፍሬ፣ ቀልዱን ተይው። ባለመሰንቆው መቃኘት ጀምሯል፤ እንግዶቹ ከፊት ተቀምጠዋል።

ፍሬገነት፦ ማን ቀለደ? ቦርሳዬንም ይዣለሁ። አንተ በሩን ተደግፈህ ባትቆም ኖሮ ይሄኔ ፒያሳ ደርሼ ነበር።

ልዑልሰገድ፦ ለምን እንደሆነ እንኳ ንገሪኛ! ጠዋት ደህና አልነበርሽ? ቁርስ ላይ ስትስቂ አልነበር?

ፍሬገነት፦ ቁርስ ላይ ሦስተኛውን ትዕይንት አልሰጠኸኝማ።

ልዑልሰገድ፦ እሱ ልማዴ ነው። የመጨረሻውን ትዕይንት በዕለቱ ነው የምሰጠው፤ ተዋናይ አፉ ላይ እንዳያረጅበት። ዓምናም እንደዚሁ አድርገን ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበልሽ።

ፍሬገነት፦ ዓምና የሰጠኸኝ የንግሥት ንግግር ነበር። የዘንድሮው የማን ነው?

ልዑልሰገድ፦ የአንዲት ሴት። የዚህ ዘመን ሴት። ስም እንኳ አላወጣሁላትም፤ «ሚስት» ተብላ ነው የተጻፈችው።

ፍሬገነት፦ ስም ማውጣቱ ምን አደከመህ? መታወቂያዬ ላይ አለልህ።

ልዑልሰገድ፦ ቀስ በይ፣ ግድግዳው ስስ ነው።

ፍሬገነት፦ ኧረ! ለግድግዳው አዘንክ? አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ልታስለፈልፈኝ ተዘጋጅተህ ግድግዳው ስስ ነው ትለኛለህ?

ልዑልሰገድ፦ ስሚኝ እስቲ። ደራሲ ከየትም ያመጣል። ከመንገድ፣ ከታክሲ ወሬ፣ ከሻይ ቤት፣ ከለቅሶ ቤት...

ፍሬገነት፦ ከትራሴ ነው ያመጣኸው! «ሳልጠግብ የጠገብኩ መስዬ ነው ከማዕዱ የምነሳው» የሚለውን የትኛው ታክሲ ውስጥ ሰማኸው?

ልዑልሰገድ፦ ጥሩ አባባል ስለነበረ...

ፍሬገነት፦ አባባል! አባባል አለው! ልዑሌ፣ አባባል አልነበረም። ከተጋባን ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የኖረ ነገር ነው። መብራት የጠፋ ዕለት፣ ፊትህ ስለማይታየኝ ደፍሬ ነገርኩህ። መብራት ባይጠፋ ኖሮ እስከ መቃብር ይዤው እወርድ ነበር።

ልዑልሰገድ፦ አውቃለሁ።

ፍሬገነት፦ ካወቅክ እንዴት ወረቀት ላይ አስፍረህ «እንኪ አጥኚ» ትለኛለህ?

ልዑልሰገድ፦ እውነቱን ልንገርሽ? ጊዜው ስላጠረ... ለማጥናት አይከብድሽም ብዬ ነው።

ፍሬገነት፦ አዎ፣ አይከብደኝም! የራሴ ነዋ! ሌባ የሰረቀውን ዕቃ ባለቤቷን «ተሸከሚልኝ፣ የራስሽ ስለሆነ አይከብድሽም» ሲላት ዛሬ ሰማሁ።

ልዑልሰገድ፦ ሌባ አልሽኝ?

ፍሬገነት፦ ጥፋቱ የኔ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ሁለቱን በአንድ ላይ አገባሁ። ሳገባህ እናቴ ምን ነበር ያለችው? «ዝምተኛ ነው፤ ዝምተኛ ወንድ ቤት ይይዛል።» አሁን ገባኝ ዝምታህ። ስታዳምጥ ነው የከረምከው።

ልዑልሰገድ፦ ስድቡ ይቆየንና፣ እኛ ብቻ በምናውቀው ነገር ለምን ትሸበሪያለሽ? ማን ያውቃል የአንቺ መሆኑን?

ፍሬገነት፦ እኔ ራሴ እንዴት እንዳወቅኩት ታውቃለህ? ከምሳ በፊት መድረክ ላይ ቆሜ፣ እንደ ማንኛውም ንግግር ስሜት እየሰጠሁ ማንበብ ጀመርኩ። ሴትየዋ አሳዘነችኝ። ምስኪን አልኩ በሆዴ። እስከ ግማሹ ድረስ አሳዘነችኝ። ከዚያ «ገና ጨቅላ ሳለሁ በምላጭ የወሰዱብኝ ነገር አለ» የሚለው ላይ ስደርስ የራሴን ድምፅ ሰማሁት።

ልዑልሰገድ፦ አቋርጠሽ ውሃ ስትጠይቂ ጉሮሮሽ የደረቀ መስሎኝ...

ፍሬገነት፦ ውሃውን ያመጣልኝ ማን ነው? እስጢፎ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት አልጋዎች ውሽማዬና ሙሽራዬ፣ በሦስተኛው ባሌ የሚሆነው እስጢፎ። ያ ቀልደኛ፣ ትናንት «ጋቢው ውስጥ ቦታ ያዢልኝ» እያለ ሲያስቀን የዋለው ሰውዬ፣ ዛሬ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እንኪ እህቴ» አለኝ። እህቴ! መብራት የሚያስተካክለው ሰውዬም መሰላሉ ላይ እንዳለ እጁን አቁሞ አየኝ።

ልዑልሰገድ፦ አነባበብሽ ገርሟቸው ነው።

ፍሬገነት፦ ማስመሰል እንዳልሆነ ገብቷቸው ነው። እኛ ሰው ሲያስመስልና ሲያመው እንለያለን፤ እንጀራችን ነው።

ልዑልሰገድ፦ እሺ፣ ሁለት ሰው ጠረጠረ እንበል። ሕዝቡ ግን በምን ያውቃል? በመጀመሪያው አልጋ የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት ቁም ጸሐፊ ያፈቀረች የጎንደር ወይዘሮ ነሽ፤ በሁለተኛው የገጠር ሙሽራ ነሽ፤ በሦስተኛው...

ፍሬገነት፦ በሦስተኛው ዕርቃኔን ነኝ። በሁለቱ አልጋ ጋቢ ታለብሰናለህ፤ ሕዝቡ ጋቢ ሲንቀሳቀስ አይቶ ይስቃል፣ ያልፋል። በሦስተኛው ግን ጋቢውን ገፈህ ጣልከው።

ልዑልሰገድ፦ ገምጋሚዎቹ እኮ ያደነቁት እሱን ነው።

ፍሬገነት፦ ገምጋሚዎቹ አንብበውታል?

ልዑልሰገድ፦ ካላነበቡት እንዴት ይፈቀድልናል?

ፍሬገነት፦ ምን አሉ?

ልዑልሰገድ፦ «ደፋር ሥራ ነው» አሉ።

ፍሬገነት፦ ማነው ደፋሩ?

ልዑልሰገድ፦ እንግዲህ ደራሲው...

ፍሬገነት፦ ጎሽ! እኔ በጨለማ እየተንቀጠቀጥኩ የተናገርኩትን አንተ በፀሐይ ሸልለህበት ደፋር ተባልክ።

ልዑልሰገድ፦ በቃ ካልሽ እሺ። አንቺ ሁለቱን ሥሪ፤ ሦስተኛውን ተጠባባቂሽ ትርሲት ወረቀት ይዛ ታነብልናለች።

ፍሬገነት፦ የኔን ነገር በትርሲት አፍ? አንተ ሰውዬ ጨርሰህ አብደሃል? እኔ እዚህ ጥግ ቆሜ ትርሲት እኔን ሆና ስትተኛ ላያት?

ልዑልሰገድ፦ ታዲያ ምን ትይኛለሽ! አንቺም አትናገሪው፣ ሌላ ሰውም አይናገረው...

ፍሬገነት፦ ደግሞም እናቴ መጥታለች።

ልዑልሰገድ፦ እማማ ደብሪቱ? ትያትር? እሳቸው ከማኅበርና ከለቅሶ ሌላ የት ወጥተው ያውቃሉ?

ፍሬገነት፦ በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋት። የቅዳሴ ነጠላዋን ለብሳ፣ እግሯን ሰብስባ ተቀምጣለች። ከኩታበር በሚኒባስ ተጋፍታ ነው የመጣችው። እሷ ፊት «በምላጭ» ልበልልህ? ምላጩን የያዘችውን ሴትዮ ማን ያስጠራት ይመስልሃል?

ልዑልሰገድ፦ እሳቸው ምን ያድርጉ? ወጉ ነበር። በእሳቸውም ደርሷል።

ፍሬገነት፦ ወጉ እንደነበረማ እኔ ነኝ ለአንተ የነገርኩህ! አልፈርድባትም። ግን ከልጇ አፍ የምትሰማው ቀን ቢመጣ ምድጃ ዳር ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው፤ ሰው ትኬት ቆርጦ ገብቶ አይደለም።

ልዑልሰገድ፦ ፍሬ፣ እኔ ላዋርድሽ አልጻፍኩትም። ይሄ ትያትር ለምን ተጻፈ? ሦስት መቶ ዓመት ሰው ሁሉ የሚያደርገውን፣ ማንም የማይናገረውን ነገር ለማውጣት ነው። ገመና፣ ገመና እያልን ስንት ትውልድ ታፍኖ አለቀ! አንዱ መጀመር የለበትም?

ፍሬገነት፦ ይጀምር። አንተ ጀምራ! በራስህ ገመና።

ልዑልሰገድ፦ እኔ ምን ገመና አለኝ?

ፍሬገነት፦ አየህ? የሌለህ መስሎሃል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት አንተ ነህ። ለሕዝብ ሦስት አልጋ አንጥፈህ ለኔ እሾህ ሆንክ።

ልዑልሰገድ፦ በተረት አትውጊኝ፤ ደወሉ ሊደወል ነው።

ፍሬገነት፦ ሁለተኛውን አልጋ ንገረኝ እስቲ። ምንድን ነው የሚሆነው?

ልዑልሰገድ፦ አሁን ልምምድ ልንይዝ ነው?

ፍሬገነት፦ ንገረኝ ብቻ።

ልዑልሰገድ፦ ሙሽራውና ሙሽሪት ጫጉላ ይገባሉ። ሚዜዎቹ ከደጅ ይጠብቃሉ። ሙሽራው ደም የነካውን ሻሽ ያቀብላቸዋል። እነሱ በሳህን አድርገው፣ እየጨፈሩ፣ ለወላጅ ለዘመዱ ያሳያሉ።

ፍሬገነት፦ ሙሽሪትስ?

ልዑልሰገድ፦ ውስጥ ናት። ጭፈራውን ትሰማለች። ከዚያ ያቺን ንግግር ትናገራለች።

ፍሬገነት፦ «የሁለት ሰው ነገር በሳህን አይዞርም።» ልምምድ ላይ ስናገረው አንተ ራስህ ብድግ ብለህ አጨበጨብክልኝ። ታዲያ ልዑሌ፣ የኔን ነገር በምን አድርገህ ነው ለገምጋሚ፣ ለእስጢፎ፣ ለባለመሰላሉ ያዞርከው?

ልዑልሰገድ፦ አይ! ይሄማ... ይሄ አንድ አይደለም።

ፍሬገነት፦ ልዩነቱን ንገረኝ።

ልዑልሰገድ፦ ሚዜዎቹ የሚያዞሩት ለጉራ ነው። እኔ ለጥበብ ብዬ ነው።

ፍሬገነት፦ ሚዜዎቹስ «ለጉራ ነው» ብለው ያውቃሉ? እነሱም እኮ «ለክብሯ ነው» ነበር የሚሉት።

ልዑልሰገድ፦ በናትሽ ፍሬ...

ፍሬገነት፦ እናቴ ስለ ሠርጓ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ቤቷ ሄጄ ሁለተኛውን ትዕይንት ሳጠና ቁጭ ብላ እያየችኝ ነው የነገረችኝ። ያኔ ሻሹን ይዞ ከፊት ሲጨፍር የነበረው ሚዜ ዛሬም በሕይወት አለ። የተከበረ ሽማግሌ ነው፤ የተጣላ ያስታርቃል። እሷ ግን ገበያ መሐል ስታየው መንገድ ትቀይራለች። ጨው ልትገዛ ወጥታ ሳትገዛ ትመለሳለች። «ምን አድርጎሽ ነው?» ስላት፣ «ምንም። ጨፈረ» አለችኝ።

ልዑልሰገድ፦ ይሄን አልነገርሽኝም።

ፍሬገነት፦ ብነግርህማ አራተኛ አልጋ ታነጥፍ ነበር።

ልዑልሰገድ፦ ይሄን ያህል ክፉ ሆንኩ?

ፍሬገነት፦ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር፤ ጥዬህ እሄድ ነበር። ክፉ አይደለህም። ሰው ሲያለቅስ ስታይ ግን ሌላው መሐረብ ይፈልጋል፣ አንተ እስክሪብቶ ትፈልጋለህ።

ልዑልሰገድ፦ ደወሉ ነው። ሰማሽ? የመጀመሪያው ደወል ነው። እሺ፣ በቃ፣ አሸነፍሽ። ሦስተኛውን ቆረጥኩት። በሁለት አልጋ ያልቃል።

ፍሬገነት፦ ውጭ የለጠፍከው ሦስት ይላል።

ልዑልሰገድ፦ ሦስተኛው ተሰብሯል እላለሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ምን ላድርግ? አንቺ ብቻ ልበሺልኝ።

ፍሬገነት፦ ከዚያስ?

ልዑልሰገድ፦ ከዚያማ ትያትሩ ያልቃል፤ ቤታችን እንሄዳለን።

ፍሬገነት፦ ቤታችን ሄደንስ?

ልዑልሰገድ፦ እራት እንበላለን። እንተኛለን።

ፍሬገነት፦ እሱን ነው የፈራሁት።

ልዑልሰገድ፦ ምን ማለትሽ ነው?

ፍሬገነት፦ መብራት ከጠፋበት ዕለት ወዲህ ነክተኸኝ ታውቃለህ? እጄን እንኳ? ሻይ ስሰጥህ ጠረጴዛው ላይ እስካስቀምጠው ትጠብቃለህ፤ ከእጄ አትቀበልም።

ልዑልሰገድ፦ ትያትሩ ሐሳቤን ወስዶት ነው እንጂ...

ፍሬገነት፦ አልሸሹም ዞር አሉ። ያን ዕለት ዝም ስል ምን አደረግክ?

ልዑልሰገድ፦ እሱን አሁን ማንሳት ምን ይጠቅመናል?

ፍሬገነት፦ ተነስተህ ሄድክ። በጨለማ ጫማህን ስትዳብስ ሰማሁህ። የሳሎኑ በር ተዘጋ። እኔ ምን አልኩ መሰለህ? ሊያለቅስ ነው አልኩ። እኔ ፊት ማልቀስ አፍሮ ነው፣ ወንድ ልጅ ነው፣ ይውጣለት አልኩ። ደስ አለኝ እኮ! ለኔ ያለቀሰልኝ ሰው አለ ብዬ፣ ደስ ብሎኝ እንቅልፍ ወሰደኝ። ለካ አንተ ስልክህን አብርተህ ስትጽፍ ነበር።

ልዑልሰገድ፦ ማን ነገረሽ?

ፍሬገነት፦ ትዕይንቱ ነዋ! አንዲት ቃል አላዛነፍክም። ሰው ውሎ አድሮ ቢጽፈው አንድ ሁለቱ ይጠፋዋል። ትንፋሼን የሰበሰብኩበት ቦታ ላይ እንኳ ነጠላ ሰረዝ አስቀምጠሃል።

ልዑልሰገድ፦ እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ ነው።

ፍሬገነት፦ እኔ ብጠፋብህስ? ከዚህ ሁሉ ደግሞ አንጀቴን ያሳረረው ምን እንደሆነ ልንገርህ? ሰውየው። በትያትርህ ውስጥ ያለው ባል። ሚስቱ ስትነግረው ይንበረከካል። እግሯን ይዞ ያለቅሳል። «ሕመምሽን ካላወቅኩ እኔ ምን ባል ነኝ» ይላል። መብራቱ ቀስ እያለ ይጠፋል፣ ክራር ይገባል፣ ሰው ያጨበጭባል። ማነው ይሄ ሰውዬ? አስተዋውቀኝ እስቲ። እሱን ባገባ በወደድኩ።

ልዑልሰገድ፦ ልሆነው የፈለግኩት ሰውዬ ነው።

ፍሬገነት፦ መሆኑ ሲከብድህ ጻፍከው።

ልዑልሰገድ፦ አዎ።

ፍሬገነት፦ ጽፈህም ለእስጢፎ ሰጠኸው። አንተን ሆኖ እንዲያባብለኝ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ቀጂ ተቀጥሮላቸው ግን ሰምቼ አላውቅም።

ልዑልሰገድ፦ ምን ልበልሽ ነበር? እስቲ አንቺ ንገሪኝ! እንደዚያ ላለ ነገር መልሱ ምንድን ነው?

ፍሬገነት፦ የተሰማህ ነዋ።

ልዑልሰገድ፦ የተሰማኝ አያምርም።

ፍሬገነት፦ የኔ ያምር ነበር?

ልዑልሰገድ፦ ተናደድኩብሽ።

ፍሬገነት፦ ቀጥል።

ልዑልሰገድ፦ ተናደድኩ፣ በቃ! እኔ እኮ አብረን ስንተኛ ሁለት የሆንን መስሎኝ ነበር። ስለ ፍቅር የጻፍኩት ሁሉ ከዚያች ሰዓት የመጣ ነው። ፊትሽን እያየሁ፣ ይሄ ነው፣ ሰው ከጥንት ጀምሮ ዙፋን የሚጥልለት፣ የሚሞትለት ይሄ ነው እል ነበር። ጎንደርን የጻፍኩት በአንቺ ፊት ነው። ከዚያ አንድ ቀን በጨለማ፣ ያ ፊት ማስመሰል ነበር አልሽኝ። ብቻዬን ነበርኩ ማለት ነው። እዚያ አልጋ ላይ ስንት ዘመን ብቻዬን ስደሰት፣ አንቺ ከጎኔ ሆነሽ እስኪያልቅ ስትጠብቂ... አፈርኩ። እንዴት አላየሁም ብዬ አፈርኩ። ሀፍረቱ ደግሞ ወደ ንዴት ዞረ። ሳሎን የሄድኩት ክፉ ነገር እንዳይወጣኝ ነው። እዚያ ተቀምጬ ደግሞ ይሄ እጄ ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ጻፈ።

ፍሬገነት፦ ይሄን ለምን አልጻፍከውም?

ልዑልሰገድ፦ የቱን?

ፍሬገነት፦ አሁን ያልከውን።

ልዑልሰገድ፦ ማን ያጨበጭብለታል?

ፍሬገነት፦ ማንም። እኔ ግን አምነው ነበር።

ልዑልሰገድ፦ እንግዲያው ትያትሩ በሙሉ ውሸት ነው። ወይዘሮዋም ውሸት ናት። «ልቤ እንደ ሰም ቀለጠ» እያለች ቁም ጸሐፊውን ስታቅፍ፣ እኔ እኮ አምኛት ነበር።

ፍሬገነት፦ እሷን አላውቃትም። አንተም አታውቃትም። ቀልጣም ይሆናል፣ እስኪያልቅ ስትጠብቅም ይሆናል፤ የጠየቃት የለም፣ አሁን ደግሞ አፈር በልቷታል። አንተ ሦስት መቶ ዓመት ስትሻገር የአልጋውን ልብስ ነው የቀየርከው። አልጋው ላይ ያለችውን ግን አንዴም «ደህና ነሽ?» አላልካትም።

ልዑልሰገድ፦ አሁን ልጠይቅሽ?

ፍሬገነት፦ አሁንማ በሩን ተደግፈህ፣ ደወል እየጠበቅክ... ልዑሌ፣ ያን ዕለት ንግግሬ አላለቀም ነበር።

ልዑልሰገድ፦ ምን አልሽ?

ፍሬገነት፦ ዝም ያልኩት ትንፋሽ ላገኝ ነው። ገና የምናገረው ነበረኝ። አንተ ያለቀ መስሎህ ተነሳህ። ከዚያ የሌላ ሰው እንባ አምጥተህ ደመደምከው።

ልዑልሰገድ፦ ፍሬ፣ ምን ነበር የቀረው? ስለ እኔ ነው? ልትሄጂ ነበር?

ፍሬገነት፦ ካፖርቱን ያዝልኝ።

ልዑልሰገድ፦ ልትለብሺ ነው? ትወጫለሽ?

ፍሬገነት፦ የቀሚሱን የኋላ ቁልፍ ቆልፍልኝ፤ እጄ አይደርስም። ቀዳዳውን ሁለቴ ሳትከው፤ ምን ያስፈራሃል?

ልዑልሰገድ፦ የምፈራው ስትወጪ ይሁን ስትቀሪ፣ እኔም አላወቅኩ። ሦስተኛው ቀርቷል ብዬ ልንገራቸው አይደል?

ፍሬገነት፦ አልቀረም።

ልዑልሰገድ፦ እንዴ!

ፍሬገነት፦ የኔ ንግግር እንዳለ ይሆናል። የሰውየውን ግን በሙሉ ሰርዝ። መንበርከኩንም፣ ክራሩንም።

ልዑልሰገድ፦ ቅድም በሳህን አዞርከኝ ብለሽ ስትወርጂብኝ አልነበር? አሁን ራስሽ ልታዞሪው?

ፍሬገነት፦ ሚዜ ይዞት ሲወጣና ባለቤቷ ራሷ ይዛው ስትወጣ አንድ ነው? እናቴ ያኔ ከጫጉላው ወጥታ፣ ሻሹን ከሚዜው እጅ ነጥቃ «የኔ ነው» ብትል ኖሮ፣ ዛሬ ገበያ ላይ መንገድ የሚቀይረው እሱ ነበር።

ልዑልሰገድ፦ እናትሽስ? ሻይ ልጋብዝዎ ብዬ ላስወጣቸው? ሦስተኛው እስኪያልቅ ደጅ አቆያቸዋለሁ።

ፍሬገነት፦ እንዳትነካት። የሚዜውን ነገር ነግራኝ ስታበቃ ምን ብላ እንደጠየቀችኝ ታውቃለህ? «የመጨረሻው አልጋስ? ያቺኛዋ ልጅ ደስ ይላታል?» አለችኝ። ገና አልተሰጠኝም አልኳት። «ሲሰጥሽ እመጣለሁ» አለችኝ። እኔን ልታይ የመጣች መስሎኝ ነበር፤ አሁን አንተን ስሰማ ነው የገባኝ። መልሱን ልትሰማ ነው የመጣችው። እሷን ደስ ይልሽ ነበር ወይ ብሎ የጠየቃት የለም፤ በእኔ በኩል ልትጠይቅ ነው።

ልዑልሰገድ፦ ምን ልትያት ነው?

ፍሬገነት፦ ያለውን። ገና ነው፣ እማዬ፣ እላታለሁ። እኛም ጋ ገና ነው።

ልዑልሰገድ፦ ሁለተኛው ደወል! እሺ... እሺ፣ እስጢፎን ልጥራውና የተለወጠውን ልንገረው። ቢያንስ ሲሰማሽ ፊቱን ምን እንደሚያደርግ...

ፍሬገነት፦ እስጢፎ በሁለቱ አልጋ ይበቃዋል። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ አፍቅሯል፤ ይረፍ።

ልዑልሰገድ፦ ታዲያ ባሏ ማን ሊሆን ነው?

ፍሬገነት፦ ባሏ ነዋ።

ልዑልሰገድ፦ ኧረ ባክሽ! እኔ? የእስጢፎ ፒጃማ እኮ እጅጌው ክርኔ ላይ ነው የሚቀረው። ሕዝቡ በሳቅ ይሞታል።

ፍሬገነት፦ በለበስከው ውጣ።

ልዑልሰገድ፦ ምን እላለሁ?

ፍሬገነት፦ ምንም። አትንበርከክ፣ አታልቅስ፣ እንዳታቅፈኝም። መብራት ሲጠፋ አጠገቤ ትተኛለህ። እኔ እስከጻፍከው ድረስ እናገራለሁ፤ ትንፋሽ ልወስድ ዝም እላለሁ፤ ከዚያ የቀረውን እናገራለሁ። አንተ እስክጨርስ እዚያው ትሆናለህ። ይኸው ነው።

ልዑልሰገድ፦ የቀረውን አሁን ንገሪኝ። እዚሁ፣ ሁለታችን ብቻ። ለመድረክ ለምን ይቆያል?

ፍሬገነት፦ ሁለታችን ብቻ ሆነን አይተነዋል። በሩ ከጀርባህ ነው።

ልዑልሰገድ፦ መጥፎ ነገር ቢሆንስ?

ፍሬገነት፦ ቢሆንም።

ልዑልሰገድ፦ መቋቋም ቢያቅተኝስ? ብነሳስ?

ፍሬገነት፦ ከተነሳህ የቤቱ ቁልፍ አንተው ጋ ነው። እኔ ከእናቴ ጋር ኩታበር እሄዳለሁ። አልጮህብህም፣ ሽማግሌም አልልክብህም። ዝም ብዬ ነው የምሄደው።

ልዑልሰገድ፦ ፍሬ፣ ታውቂኛለሽ። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ የምቆም ሰው ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ብርሃኑ ስር ወጥቼ አላውቅም። መተወን አልችልም እኮ።

ፍሬገነት፦ ማን ተውን አለህ?